ጭቃው የደበቀው ብረት

ከባኮ አልፎ ወደ ነቀምቴ የሚወጣው መንገድ ግራ ቀኙ ቀይ ነው። የተቆረጠው ዳገት፣ የታረሰው ማሳ፣ ክረምት ላይ በቦዩ የሚወርደው ጎርፍ፣ የመኪናው ጎንና ሆድ ሁሉ ያንኑ ቀለም ይይዛል። ቀለሙ የብረት ነው። የወለጋ አፈር ለብዙ ሺህ ዓመታት ከባድ ዝናብ ሲወርድበት በቀላሉ የሚሟሟው ማዕድን ታጥቦ ሄዶ፣ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብረት በብዛት ቀርቶበታል። የአፈር ባለሙያዎች ከሚያውቋቸው የዚህ ብረት ዓይነቶች አንዱ ጎታይት ይባላል። ያረጀ መኪና ወለል ሲፋቅ ከሚረግፈው ቡናማ ዱቄት ውስጥም ጎታይት አለ። ብረት በምድር ውስጥ የሚገኘው እንዲህ ሆኖ ነው፤ በጊምቢ አቅራቢያ ባለው የቢቂላል ክምችትም ብረቱ ከኦክስጅን ጋር እንደተጣመረ ነው። ላሜራ ለመሆን ኦክስጅኑ በምድጃ እሳት ተገድዶ ይለያል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ውኃና አየር አንድ ላይ ባገኘ ቁጥር ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሠራል።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ነቀምቴ ግን 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ዝናቡ ከክረምቱ ቀድሞ ጀምሮ ከመስቀልም በኋላ ይዘልቃል። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ አሮጌ መኪናን ከሥሩ የሚጠግን ባትላሜራ ሠራተኛ ትግሉ ከዚህ እርጥበት ጋር ነው። ሥራውን በቅርብ ሳየው የታዘብኩት አንድ ነገር አለ፤ ጥገናው በብየዳው ድክመት የሚፈርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአብዛኛው የሚፈርሰው ውኃው የት ተቀምጦ እንደኖረ ሳይጠየቅ ቀዳዳው ስለሚደፈን ነው።

ይህን ያህል ልፋት ለአሮጌ መኪና ይገባዋል ወይ የሚል አንባቢ ይኖራል። በኢትዮጵያ መልሱ ቀላል ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪናዎችን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ መታ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ታገደ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው ዲኤክስ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ፣ ሃያስ ሚኒባስ ወይም ላንድክሩዘር ዕድሜው ሠላሳና አርባ ዓመት ቢያልፍም ጥሪት ነው። ሞተሩ ይቀየራል፣ ማርሹ ይታደሳል፣ መለዋወጫ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል። ከመሬት ጋር የሚተያየው አካሉ ከበሰበሰ ግን ሊቀየር የሚችል ዕቃ የለም። መኪናው የሚሞተው ከሥሩ ነው።

ዝገት እንዴት እንደሚሠራ ካልገባን ጥገናውም አይገባንም። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡሊክ ኤቫንስ የሚባል የካምብሪጅ ተመራማሪ በጸዳ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ጨዋማ ውኃ አስቀመጠ። ውኃው ውስጥ ቀለም የሚያሳይ ኬሚካል ጨምሮበት ስለነበር የሚሆነውን በዓይኑ አየ። የጠብታው መካከል ሰማያዊ ሆነ፤ እዚያ ብረቱ እየሟሟ ነው። የጠብታው ዳርቻ ሮዝ ሆነ፤ እዚያ ደግሞ አየር በቀላሉ ስለሚገባ ኦክስጅኑ እየተበላ ነው፣ ብረቱ ግን ደህና ነው። ቡናማው ዝገት የተጠራቀመው ከሁለቱም መሀል እንደ ቀለበት ሆኖ ነው። ከሚሟሟው ቦታ ወደ ዳርቻው በብረቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ጠብታዋ ትንሽ ባትሪ ሆናለች ማለት ነው።

ከዚህ ሙከራ ለመኪና ጥገና የሚወጣው ቁም ነገር ትልቅ ነው። ብረት አጥብቆ የሚበላው ኦክስጅን ባነሰበት ቦታ ነው፤ ዝገቱ የሚታየው ግን ፈንጠር ብሎ ነው። አሁን የጠብታውን ቦታ በጭቃ እንተካው። ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ቅስት ውስጥ፣ በሻንሲውና በወለሉ መጋጠሚያ፣ ከበሩ ሥር ባለው መርገጫ ጠርዝ ላይ ቀይ ጭቃ ተጋግሮ ይቀመጣል። የዝናቡ ጭቃ በሁለት ቀን ፀሐይ ከላይ ይደርቃል፤ ከሥሩ ግን ለሳምንታት እርጥብ ነው። አየር አይገባም። ስለዚህ ከጭቃው ሥር ያለው ላሜራ በዝምታ ይሟሟል፤ በጭቃው ዳር ደግሞ ስስ የዝገት መስመር ይታያል። ባለመኪናው መስመሩን አይቶ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል፣ ቀለም ይቀባል፣ እፎይ ይላል። የተበላው ግን ከመስመሩ አራት ጣት ያህል ገባ ብሎ ነው።

ሁለተኛው የዝገት ምክንያት መልክዓ ምድሩ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ጊምቢ የሚሄድ መኪና ከዚህ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩን ሲሻገር ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አየሩ ሙቅና እርጥብ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ ብርዱ ይወጣል። በመርገጫው፣ በሻንሲውና በወለሉ ድጋፎች ባዶ ሆድ ውስጥ የገባው የሸለቆው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጤዛ ሆኖ በውስጠኛው ብረት ላይ ይወርዳል። እዚያ ጭቃም ጎርፍም ባይደርስ ዝገት አለ። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዝገት መፍጠኑ የታወቀ ነው፤ በተዘጋ ብረት ውስጥ ይህ ልክ ወራቱን ሙሉ ያለ ማቋረጥ ሊታለፍ ይችላል።

የት መፈለግ እንዳለበት የሚወስነው የመኪናው አሠራር ነው። ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስና አይሱዙ የጭነት መኪና ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ አካሉ በብሎን ተቀምጦበታል። የሻንሲው ብረት ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ ለመበሳት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ነገር ግን ዙሪያውን የተዘጋ ሳጥን ከሆነ ጭቃ ይሞላል፣ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳል። ላንድሮቨርን ብዙ ሰው አይዝግም ይለዋል። በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በእንግሊዝ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ አሉሚኒየሙ በእርግጥ አይዝግም፣ የተሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው፤ ይዝጋል። ኮሮላው ከሁሉም ይለያል። ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ መርገጫውና ጣሪያው ተያይዘው ራሳቸው ሸክሙን ይይዛሉ። ላንቻ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ በ1922 እ.ኤ.አ. የጀመረው ይህ ዘዴ መኪናን ቀላልና ርካሽ አድርጓል። በዚህ ዓይነት መኪና ከበር ሥር ያለው መርገጫ ጌጥ አይደለም፤ አጥንት ነው። ላሜራው ግን ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በአሜሪካ ታኮማ፣ ታንድራና ሴኮያ በተባሉ መኪናዎቹ የሻንሲ ዝገት የተነሣ 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን የሚመለከትና እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣው የሚችል ስምምነት ፈርሟል። እዚያ ጠላቱ ለበረዶ ማቅለጫ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። ወለጋ ውስጥ ይህ ጨው የለም፤ ነገር ግን ከአውሮፓ አገልግሎ የመጣ መኪና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ጨው እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ መኪና የገዛ ሰው ከቀለምም ከግሪስም በፊት ሥሩን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማሳጠብ አለበት።

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይፈልግም። መኪናው ላቫጆ ገብቶ ሥሩ በግፊት ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይደርቃል። ጭቃው ላይ ሆኖ የሚደረግ ምርመራ ዋጋ የለውም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባትም ሕይወት ያስከፍላል፤ ጠንካራ መቆሚያ ወይም ጉድጓድ የግድ ነው። ከዚያ በትንሽ መዶሻ ማንኳኳት ነው። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ያለ። ድምፁ በተለወጠበት ቦታ ካቻቢቴ ይጫናል፤ ከገባ ብረቱ የለም ማለት ነው። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ቀድሞ በስቱኮ የተሞላ ቦታ ላይ አይያዝም። ጥሩ ቀለም ከተቀባ ስቱኮ ሥር ያለውን ባዶነት ከማግኔት በተሻለ የሚያጋልጥ ርካሽ ነገር አላውቅም። መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው በኪሱ ይያዘው።

በየጋራዡ ሁሌም የሚሰማ ንግግር አለ። «ቦሎ እስክወስድ ብቻ ይያዝልኝ» ይላል ባለመኪናው። «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ እኮ ብየዳ የሚይዝበት ብረት የለውም» ይላል የጋራዡ ልጅ። ልጁ ትክክል ነው። ብየዳ ሁለት ደህና ብረቶችን አቅልጦ አንድ ያደርጋል፤ ዝገት ላይ ግን የሚቀልጠው ብረት ሳይሆን የተቃጠለ ነገር ነው፤ ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ይሰነጠቃል። በዛገ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ መበየድ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በሁለቱ መሀል አየር የማይገባው፣ ውኃ ግን የሚገባው ስንጥቅ ይፈጠራል፤ ኤቫንስ ያየው ጠብታ ማለት ነው። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ የተደረበውን ላሜራ ገፍቶ ያሳብጠዋል። በአንድ መርገጫ ላይ እርስ በርስ የተደራረቡ ልጣፎችን ማየት በወለጋ ብርቅ አይደለም፤ እያንዳንዱ ልጣፍ ከሥሩ ያለውን ዝገት አፋጥኗል። ለዓመታዊው ምርመራ ተብሎ የተሠራ ሽፋን መርማሪውን ያልፍ ይሆናል፤ ተሳፋሪውን ግን አይሸከምም።

ስለዚህ መጀመሪያ መቁረጥ ነው፤ ብዙ ባለሙያም የሚሳሳው እዚህ ላይ ነው። ግራይንደሩ ዝገቱን አልፎ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውፍረቱ ያልሳሳ ብረት እስኪገኝ ይሄዳል፤ የጣት ስፋት የነበረው ቀዳዳ የእጅ መዳፍ ያህል ይሆናል። ባለመኪናው ይደነግጣል፤ ሠራተኛው አስቀድሞ ቢነግረው ይሻላል። በኮሮላ ዓይነት መኪና መርገጫው ሙሉ በሙሉ ከመቆረጡ በፊት በሮቹ ተዘግተው፣ የበሩ ክፍተት በብረት ዘንግ ተወጥሮ መያዝ አለበት። አለዚያ አካሉ መሀሉ ላይ ይጎብጣል፤ ከተበየደ በኋላ በሩ አይዘጋም።

ሌላ የሚረሳ ነገር የሻንሲ ቁጥር ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና የሚለየው በሚመዘገበው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የተመታበትን ብረት የቆረጠ፣ የፋቀ ወይም በብየዳ የሸፈነ ሰው ባለመኪናውን በየመሥሪያ ቤቱ ሲያስረዳ የሚኖር ሰው ያደርገዋል። ቁጥሩ አጠገብ ዝገት ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ማማከር ነው።

ልጣፉ ከምን ይሠራ? ወለጋ ውስጥ የቤት ክዳን ቆርቆሮ በየግቢው ስላለ ብዙዎች እሱን ይቆርጣሉ። ይህ መቅረት አለበት። ቆርቆሮ ውፍረቱ ከ0.3 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ሸክም አይችልም። በላዩ ያለው ዚንክ ደግሞ 907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ ብረቱ ለመቅለጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱን የሳበ በያጅ ማታውን ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ የብረት ጣዕም ይይዛል። ብዙ በያጆች መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ፤ ወተት ሳንባ አይገባም። መፍትሔው ዚንኩን ከሚበየደው ጠርዝ ቀድሞ ፍቆ ማንሳት፣ በክፍት ቦታ መሥራትና አፍንጫን ከጭሱ ማራቅ ነው። ለወለልና ለመርገጫ የ1 ሚሊ ሜትር ጥቁር ላሜራ ይበቃል። ከተጣለ መኪና ኮፋኖ የተቆረጠ ደህና ላሜራም ለቀላል ቦታ ያገለግላል። የልጣፉ ማዕዘን ክብ ይደረግ፤ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ከብየዳ በፊት ያለው ዝግጅት አሰልቺ ቢሆንም ሰው የሚሞተው በእሱ ጉድለት ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ አለዚያ ዲናሞውና ሌላው ኤሌክትሮኒክስ ሊቃጠል ይችላል። ምንጣፍ፣ ወንበርና የሽቦ መስመር ይነሣል። የፍሬን ቱቦ ከእሳቱ ይርቃል። የነዳጅ ጋኑ ከመኪናው ይወርዳል፤ ባዶ ነው ብሎ መተው አይቻልም። እንዲያውም ባዶው ጋን በአደጋ ከሙሉው ይበልጣል፤ የሚፈነዳው ቤንዚኑ ራሱ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ትነቱ ነው፤ ባዶ ጋን ደግሞ በሁለቱ ቅይጥ የተሞላ ነው። አንድ ሰው ውኃና እርጥብ ጆንያ ይዞ ከመኪናው ውስጥ በኩል ይቁም፤ ከሥር የሚበይደው ሰው ከላይ የተነሣውን ጭስ አያይም። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ መነጽር አይሆንም። የዓይን ቃጠሎው በሥራው ሰዓት አይሰማም፤ ሌሊት አሸዋ የገባበት ያህል ሆኖ ይቀሰቅሳል።

ከብየዳው ዓይነቶች በወለጋ ከተሞች በብዛት ያለው የኤሌክትሮድ ብየዳ ነው። በርና መስኮት የሚሠራበት ማሽን ለመኪናም ይውላል። ለሻንሲ በጣም ጥሩ ነው። ለቀጭን ላሜራ ግን ከባድ ነው፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር ይፈልጋል፤ ይህ ሙቀት 0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራን በአንድ አፍታ ይበሳዋል። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ የተስተካከለው አምፔር እጅ ላይ ይለወጣል። ካርባይድና ኦክስጅን የሚጠቀመው የጋዝ ብየዳ ነበልባሉ 3,100 ዲግሪ ቢደርስም ሰፊ ቦታ ስለሚያሞቅ የለመደ እጅ በቀጭን ላሜራ ላይ በደንብ ይቆጣጠረዋል፤ ዕዳው ላሜራው መጣመሙ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሲኦቱ የሚሉት ማሽን ነው፤ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ ራሱ እየመገበ በጋዝ ከአየር ይከልለዋል። ማሽኑ ዛሬ ረክሷል፤ ጋዙን ወደ ወለጋ ማጓጓዙ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ማሽኑ የትኛውም ይሁን፣ ቀጭን ላሜራ ላይ ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ አይሄድም። ነጥብ ይመታል፤ ቀጥሎ በተቃራኒው ጠርዝ ሌላ ነጥብ፤ ከዚያ መሀል። ላሜራው በእጅ እስኪነካ ቀዝቅዞ ነጥቦቹ ቀስ በቀስ ይገናኛሉ። ጥበቡ ትዕግሥት ነው፤ ሙቀት በአንድ ቦታ ሲከማች ብረቱ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ወለሉ ይጎባብጣል። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። የማጠናከሪያው ብረት ጫፍ ቀጥ ብሎ ሻንሲውን ተሻግሮ አይበየድም፤ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጣል። ቀጥ ያለ የብየዳ መስመር ሸክሙን አንድ ቦታ ላይ ያከማቸዋል፤ ሻንሲው በዚያው መስመር ላይ ይሰበራል።

ብየዳው ሲያልቅ ሥራው ከግማሽ ትንሽ ያለፈ ነው። ሙቀቱ ከልጣፉ ጀርባ ያለውን አሮጌ ቀለም አቃጥሎታል፤ አሁን በመኪናው ላይ ከሁሉ የበለጠ የተራቆተው ብረት አዲስ የተበየደው ነው። የሚደረስበት ወገን በሽቦ ብሩሽ ጸድቶ አንቲረስት ይቀባል፤ መገጣጠሚያው በማሸጊያ ይደፈናል፤ በመጨረሻ ሬንጅ መሰል ሽፋን ይለብሳል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። በዛገ ወይም በረጠበ ብረት ላይ የተቀባ ሬንጅ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከሥሩ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ከውጭ ያማረ፣ ከውስጥ የሚበላ። የማይደረስበትን ውስጥ ወገን ደግሞ ሰም መሰል ቅባት በቀጭን ቱቦ በመርጨት ማዳረስ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ያለባቸው ዝገት ቀያሪዎች ስስ ዝገትን ወደ ረጋ ነገር ይለውጣሉ፤ የቅርፊት ዝገትን ግን አይወጡትም።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት መርጨት በሾፌሮች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ውኃ መከልከሉ እውነት ነው። ግን ጎማ ቡሾችን ያሳብጣል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦ ሰው ወደሚቀዳው ወንዝ ይወርዳል። ንጹሕ ግሪስ በጥቂቱ ይሻላል።

የጊዜውም ምርጫ ከሥራው ይቆጠራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ብረቱ በእውነት ይደርቃል፤ ሐምሌ ላይ የተቀባ አንቲረስት ግን ጤዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። መኪናው እስከ በጋ የሚቆይ ከሆነ ክረምቱን ሥሩን እያጠቡ መጠበቅ የተሻለ ነው።

የመጨረሻው ሥራ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ነው። ፋብሪካው በመርገጫውና በሻንሲው ዝቅተኛ ቦታዎች ላይ ያደረጋቸው ቀዳዳዎች በልጣፍ፣ በሬንጅ ወይም በጭቃ ተደፍነው ከሆነ ይከፈታሉ። አዲሱ ልጣፍ የውኃውን መንገድ ከዘጋው ራሱ ዝቅተኛው ነጥብ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይበሳና ጠርዙ ይቀባል። በክረምት መኪናው በታጠበ ቁጥር በቀጭን ሽቦ መኮርኮር ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። የሚወጣው ውኃ ጭቃ ብቻ ይዞ ከሆነ ደህና ነው። ስስ የብረት ቅርፊት እያወጣ ከሆነ ግን ውስጡ አሁንም እየተበላ ነውና፣ ልጣፉ ገና አዲስ ቢሆንም፣ እንደገና ተከፍቶ መታየት አለበት።